ከጣሪያ የተረፈውን ኤሌክትሪክ ለጎረቤት ማካፈል፦ ከቆጣሪው እስከ ውሉ

እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ፓነል በሙሉ አቅሙ ያመነጫል፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ባለቤቶቹ ሥራ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዎቹንና ካውያውን የሚያሠራው ከዋናው መስመር በሙሉ ዋጋ በገዛው ኤሌክትሪክ ነው። የአንዱ ትርፍና የሌላው ፍላጎት በጥቂት ሜትሮች ርቀት ሳይተዋወቁ ይውላሉ።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ለማገናኘት ለሚያስቡ ጎረቤቶች የተጻፈ ነው። ከሽቦውና ከመሣሪያው ይልቅ ስለ ክፍፍሉ አብዝቼ የጻፍኩት አውቄ ነው። መሣሪያውን ባለሙያ ይገጥመዋል፤ ቢበላሽም ይጠገናል። ክፍፍሉ ግን አንዴ አድልዎ አለበት ተብሎ ከታመነ ጎረቤትን ከጎረቤት ሆድና ጀርባ ያደርጋል። በክፍፍሉ ቀመር፣ ማለትም ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ በሚወስነው ስሌት ላይ መስማማት ያለባችሁ ገንዘብ መግባት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ድርሻውን የለመደ ሰው ቀመሩ ይቀየር ሲባል የተነጠቀ ያህል ይሰማዋል።

1. ትርፉን በሩብ ሰዓት ለኩ

ትርፍ ማለት በወሩ መጨረሻ ከሒሳብ የሚቀር ነገር አይደለም። ኤሌክትሪክ በተመነጨበት ቅጽበት ወይ ጥቅም ላይ ይውላል፣ ወይ ባትሪ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ወደ መስመሩ ይወጣል። አንድ ቤት በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት አመንጭቶ 300 ቢጠቀም በወረቀት ላይ ትርፉ ዜሮ ነው። አብዛኛው ፍጆታ ማታ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ 200ው ቀን ላይ ወደ መስመሩ ወጥቶ ማታ ሌላ 200 ተገዝቷል ማለት ነው። የምትካፈሉት ያንን 200 ነው። በየትኛው ሰዓት እንደወጣ ካልታወቀ ደግሞ ማን እንደተጠቀመበት ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ የእያንዳንዱ አባል ቆጣሪ በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብና የገባውን ኤሌክትሪክ ከወጣው ለይቶ የሚያሳይ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ስማርት ቆጣሪ ካላችሁ ያለፈውን አንድ ዓመት መረጃ ከኤሌክትሪክ አከፋፋዩ (መስመሩን ከሚያስተዳድረው ድርጅት) ጠይቁ። ከሌላችሁ እስኪገጠም ድረስ ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ቆጣሪውን እያነበባችሁ በደብተር ጻፉ። ደብተሩ ለሒሳብ አይበቃም፤ ትርፉ መቼ እንደሚመጣና ማን በዚያ ሰዓት እንደሚፈልገው ለማየት ግን በቂ ነው። ዝናባማውና ፀሐያማው ወቅት የተለያየ መልክ ስላላቸው የአንዱን ወር መረጃ ለዓመቱ ሁሉ አትመኑት።

ለጎረቤት ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሥራ ወደ ፀሐይ ሰዓት ያምጣ። የውሃ ማሞቂያ፣ የውሃ ፓምፕና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሰዓት መቆጣጠሪያ እኩለ ቀን አካባቢ እንዲሠሩ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። ባትሪ ግን ወጪ አለው። ጥሩ የሊቲየም ባትሪ ከተሞላው ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ይመልሳል፤ በእያንዳንዱ ሙሌትም ጥቂት በጥቂት ያረጃል። ጎረቤቶቻችሁ ቀን ላይ ምን ያህሉን ትርፍ እንደሚወስዱት ሳታዩ የጋራ ባትሪ አትግዙ።

2. ሕጉንና መስመሩን እወቁ

ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአጥር ላይ ሽቦ አሻግራችሁ ለጎረቤት አትስጡ። በብዙ አገሮች ከሕግ ውጭ ነው። ሕግ ባይከለክለውም እንኳ መከላከያ የሌለው ሽቦ ቤት ያቃጥላል፤ መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛንም ሊገድል ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ባለው የአከፋፋይ መስመር መጠቀም ነው። ኤሌክትሪኩ እንደ ወትሮው በአቅራቢያው ወዳለው ተጠቃሚ ይፈስሳል፤ የሚከፋፈለው ሒሳቡ ነው። አከፋፋዩ ወይም አቅራቢው በየሩብ ሰዓቱ ከወጣው ትርፍ የእያንዳንዱን አባል ድርሻ አስልቶ ከቆጣሪው ንባብ ላይ ይቀንስለታል።

ይህ በየአገሩ በተለያየ ስፋት ተፈቅዷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የታዳሽ ኃይል ማኅበረሰቦችን በሕግ እንዲታወቁ አድርጓል፤ በ2024 ደግሞ ኤሌክትሪክ የመካፈል መብትን በግልጽ አስቀምጧል። ስፔን በ2019 በጋራ ማመንጨትን ስትፈቅድ በአመንጪውና በተጠቃሚው መካከል የነበረው የርቀት ገደብ 500 ሜትር ነበር፤ በኋላ ለጣሪያ ላይ ፓነሎች ወደ 2000 ሜትር ሰፍቷል። ጀርመን በ2024 የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች የጣሪያቸውን ኤሌክትሪክ በቀላል ሥርዓት እንዲካፈሉ አድርጋለች። ኦስትሪያ በአንድ አካባቢ መስመር ላይ የሚካፈሉ ማኅበረሰቦች ለመስመሩ የሚከፍሉትን ኪራይ ትቀንስላቸዋለች። ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ ሩቅ አልተጓዘም።

እናንተ ወዳላችሁበት አገር ሕግ ስትሄዱ አከፋፋዩን እነዚህን ጠይቁ፦ ሁላችንም በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ነን? የርቀት ገደቡ ስንት ነው? የመስመር ኪራይ እንከፍላለን? የክፍፍሉን ቀመር እኛ መምረጥ እንችላለን? ምን ያህል ጊዜስ መቀየር ይፈቀዳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሕጉ በጎረቤቶች መካከል መሸጥን ጭራሽ ካልፈቀደ ሁለት መንገድ ይቀራል፦ በአንድ ቆጣሪ ሥር ባለ ሕንፃ ውስጥ መካፈል፣ ወይም ትርፉ ለአከፋፋዩ ተሽጦ ገቢውን በክፍል 4 በምናየው ቀመር መከፋፈል።

አባላት ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ከወዲሁ ንገሯቸው። ከመስመር ጋር የተገናኘ ተራ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ቤት ውስጥ ወደሚሠራበት ዓይነት የሚለውጠው መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲያደርግ ነው። ትርፍ መካፈል ማለት መብራት በጠፋ ጊዜ ከጎረቤት ማግኘት ማለት አይደለም። ያንን የምትፈልጉ ከሆነ በራሱ መስመር መፍጠር የሚችል ኢንቨርተር፣ ባትሪና ከዋናው መስመር የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልጋል፤ ይህ ሌላ ሥራና ሌላ ፈቃድ ነው።

3. ማን ይግባ?

ሁሉም ጣሪያ ያላቸው፣ ሁሉም ቀን ሥራ የሚውሉ አባላት ቢሰባሰቡ የሚካፈሉት ነገር የለም፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይተርፋቸዋል፣ በአንድ ሰዓት ያጥራቸዋል። የሚያስፈልገው የተለያየ ውሎ ነው። ቀን የሚሠራ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ቤት የሚውሉ አረጋውያንና ሕፃናትን የሚጠብቁ ወላጆች የቀኑን ትርፍ ይወስዱታል።

ጣሪያ የሌላቸውን ተከራዮችና ለመነሻ የሚከፍሉት የሌላቸውን ቤተሰቦች መጀመሪያ ላይ አስቡ። «ቆይቶ ይገባሉ» የተባሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሳይገቡ ይቀራሉ፤ ቀመሩም እነሱ በሌሉበት ይጻፋል። የመግቢያ ክፍያ ካለ ከሚያገኙት ቁጠባ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ እንዲከፈል አድርጉ።

4. ቀመሩን ምረጡ

የመመሪያው ልብ እዚህ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ብቻ ወስደን ቀረብ ብለን እንመልከት።

ባለ ፓነሉ ቤት በአንድ ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት አመነጨ፤ 1.5 ለራሱ ተጠቀመ፤ 4.5 ተረፈው። ሦስት ጎረቤቶች አሉ። አንደኛዋ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ አሮጊት ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የሚፈልጉት 0.6 ነው። ሁለተኛው ሰው የሌለበት ቤት ነው፤ ማቀዝቀዣው 0.2 ይፈልጋል። ሦስተኛው ልብስ ሰፊው ነው፤ 3 ይፈልጋል።

ቀላሉ ቀመር ቋሚ ድርሻ ነው፦ ለእያንዳንዱ እኩል 1.5። አሮጊቷ 0.6 ወስደው 0.9 ይቀራቸዋል። ባዶው ቤት 0.2 ወስዶ 1.3 ይቀረዋል። ልብስ ሰፊው 1.5ቱን ወስዶ የቀረውን 1.5 ከመስመሩ ይገዛል። ከ4.5 ውስጥ ጎረቤቶች ጋ የደረሰው 2.3 ብቻ ሆነ፤ 2.2 በርካሽ ወደ መስመሩ ሄደ። እኩል ተካፈሉ፤ ግን ግማሽ ያህሉ ባከነ። የዚህ ቀመር ጥቅም ማንም በጣቱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው መቻሉ ነው። ስፔን የጀመረችው በዚህ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ድርሻው አስቀድሞ እስከተወሰነ ድረስ በየሰዓቱ እንዲለያይ ፈቅዳለች።

ሁለተኛው ቀመር በፍጆታ ልክ ማካፈል ነው። በዚያ ሰዓት የሦስቱ ፍላጎት ድምር 3.8 ስለሆነ ሁሉም የፈለጉትን ያገኛሉ፤ ወደ መስመሩ የሚወጣው 0.7 ብቻ ነው። እስካሁን ይህ የተሻለ ይመስላል። አሁን ደመና መጣ እንበል፤ ትርፉ ወደ 1.9 ወረደ። የፍላጎቱ ግማሽ ስለሆነ እያንዳንዱ የፈለገውን ግማሽ ያገኛል፦ አሮጊቷ 0.3፣ ባዶው ቤት 0.1፣ ልብስ ሰፊው 1.5። ከትርፉ 79 በመቶው ወደ አንድ ሰው ሄደ። ብዙ የሚፈጅ ብዙ ያገኛል፤ ቆጥቦ የሚኖር ግን በቁጠባው ልክ ይቀነስበታል። ውሎ አድሮ ቅሬታ የሚነሳው በእንዲህ ያለው ደመናማ ቀን ነው።

እኔ የምመክረው ሦስተኛውን፣ የዙር ክፍፍልን ነው። ትርፉ መጀመሪያ ለሁሉም እኩል ይቀርባል፤ አንዱ ከድርሻው የተረፈውን ሌላው ይወስዳል፤ ወይ ትርፉ ወይ ፍላጎቱ እስኪያልቅ ይዞራል። በደመናማው ሰዓት 1.9 ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.63 ያህል ይደርሳል። አሮጊቷ 0.6 ሙሉ ፍላጎታቸውን ያገኛሉ፤ ባዶው ቤትም 0.2 ሙሉ ያገኛል፤ የቀረው 1.1 ለልብስ ሰፊው ይሆናል። ምንም አልባከነም፤ ትንሽ የሚፈልግም በትልቁ አልተዋጠም። ልብስ ሰፊው ከሁለተኛው ቀመር 0.4 ቢያንሰውም አሁንም ከሁሉም የበለጠ የወሰደው እሱ ነው። ፀሐይ በበረታ ቀን ደግሞ እንደ ሁለተኛው ቀመር ሙሉውን 3 ያገኛል።

የዙር ክፍፍል በእጅ ለማስላት ያደክማል፤ በኮምፒውተር ግን ተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይበቃዋል። አከፋፋዩ የሚቀበለው ቋሚ ድርሻን ብቻ ከሆነም አትተዉት። በአከፋፋዩ ዘንድ ቋሚ ድርሻ አስመዝግቡ፤ ያንን ድርሻ ግን እኩል አታድርጉት። ባለፉት ወራት መረጃ ላይ የዙር ክፍፍሉን አስሉና እያንዳንዱ በአማካይ የወሰደውን መቶኛ ድርሻው አድርጉ፤ በየወቅቱም አድሱት።

ቀመሩ ላይ አንድ ቅድሚያ መጨመር ይቻላል፦ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ቤት ውስጥ ኦክስጅን የሚጠቀም ሕመምተኛ በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ እንዲያገኝ። ቅድሚያው በስም ሳይሆን በምክንያት ይጻፍ፤ ምክንያቱ ሲቀር ቅድሚያውም ይቀራል። ከሁለት በላይ ቅድሚያ ግን አታብዙ፤ ሁሉም ልዩ ከሆነ ዙሩ ዙር መሆኑ ይቀራል።

5. ዋጋውን በሁለቱ መካከል አስቀምጡ

በነፃ መስጠት የሚፈልግ ቢኖር መልካም ነው፤ ለዓመታት የሚቆይ ሥርዓት ግን ሁለቱንም ወገን መጥቀም አለበት። የመስመሩ መሸጫ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 10 የገንዘብ አሃድ ነው እንበል፤ አከፋፋዩ ትርፋችሁን የሚገዛው በ3 ነው፤ የመስመር ኪራዩ 2 ነው። ገዢው ከ8 በላይ ለጎረቤቱ ቢከፍል ኪራዩ ሲጨመር ምንም አያተርፍም። ሻጩ ከ3 በታች ቢቀበል ለአከፋፋዩ መሸጥ ይሻለዋል። መካከሉ 5.5 ነው፤ ሻጩ 2.5 ይጨመርለታል፣ ገዢው በጠቅላላው 7.5 ከፍሎ 2.5 ይቆጥባል።

ከዚህ ላይ ለጋራ መጠባበቂያ ትንሽ ቁረጡ። ፓነል 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፤ ኢንቨርተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ ይፈልጋል። ለዚያ ቀን ገንዘብ ያላስቀመጠ ቡድን የሚፈርሰው ኢንቨርተሩ የተቃጠለ ዕለት ነው። የግል ፓነሎችን ባለቤቶቻቸው ይጠግኑ፤ መጠባበቂያው ለጋራ መሣሪያዎች፣ ለሒሳብ ሥራና መክፈል ላቃተው አባል ድጎማ ይሁን። ዋጋው ከመስመሩ ታሪፍ ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ስሌቱን ጻፉ እንጂ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ።

6. ደንቡ ላይ መቅረት የሌለባቸው

የመተዳደሪያ ደንቡ ከአራት ገጽ አይብለጥ፤ ሁሉም ሊያነበው ይገባልና። ድምፅ በአባል እንጂ በኪሎዋት አይሁን። ትልቅ ጣሪያ ያለው ሰው በሸጠው ልክ ይከፈለዋል፤ በዚያ ላይ ትልቅ ድምፅ ከጨመራችሁለት ቀመሩን በራሱ ልክ ይሰፋዋል። አዲስ አባል እንዴት እንደሚገባ፣ የሚወጣ በስንት ቀን ቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ተከራይ ሲቀየር ድርሻው ወዴት እንደሚሄድ፣ ያልከፈለ አባል ምን ያህል እንደሚታገሡት አስቀምጡ። ሒሳብ የሚሠራውና ሒሳብ የሚመረምረው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ቢቻል የሚመረምረው ፓነል የሌለው አባል ቢሆን እመርጣለሁ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመረጃውን ጉዳይ ነው። የ15 ደቂቃ ንባብ የሰውን ኑሮ ይናገራል፦ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ቤቱ ባዶ እንደሚሆን፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ መብራት ማብራቱን ጭምር። ይህ መረጃ በጎረቤት እጅ መግባት የለበትም። ዝርዝር ንባቡን ሒሳብ የሚሠራው ሰውና የሚመረምረው ብቻ ይዩት፤ ለሌላው የወር ድምር ይበቃል። ስንት ወር እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ደንቡ ላይ ይጻፍ። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቤቶችን ፍጆታ በስም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ።

7. ሦስት ወር በወረቀት አሠሩት

ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ ለሦስት ወር የሙከራ ሒሳብ አውጡ። እያንዳንዱ አባል እውነተኛ ሒሳቡን እንደ በፊቱ ይክፈል፤ ከጎኑ ግን «ቀመሩ ቢሠራ ኖሮ ይህን ያህል ይከፍሉ ነበር» የሚል ወረቀት ይሰጠው። ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ የተጠቀመው፣ ከጎረቤት ያገኘው፣ ከመስመሩ የገዛው፣ የቆጠበው። በዚህ ጊዜ ቀመሩ የጎዳው ሰው ካለ ይታያል፤ ማስተካከያውም የማንንም ኪስ አይነካም። ለምሳሌ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ቀን የሚተኛ አባል ምንም ድርሻ እንደማይደርሰው ልታዩ ትችላላችሁ። የውሃ ማሞቂያውን እኩለ ቀን ላይ እንዲያበራ የሰዓት መቆጣጠሪያ ብትገጥሙለት እሱም ከዙሩ ይቋደሳል።

ዋናው መስመር በሌለበት

ከዋናው መስመር ውጭ በራሱ መረብ የሚኖር ማኅበረሰብ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የሚከፋፈለው ሒሳቡ ሳይሆን ራሱ ኤሌክትሪኩ ነው፤ አንዱ ከመጠን በላይ ከሳበ ሁሉም ይጨልምባቸዋል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለችው የኤግ ደሴት ጥሩ አርአያ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 100 ያህል ነዋሪዎቿ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የሚያመነጩትን ኤሌክትሪክ በራሳቸው ኩባንያ ያስተዳድራሉ። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ፣ ንግድ ቤት ደግሞ ከ10 ኪሎዋት በላይ መሳብ አይችልም። ገደቡ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ ነው። ምርቱ ከፍላጎቱ ሲበልጥ ትርፉ የጋራ ሕንፃዎችን ያሞቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር ውሰዱ። የመጀመሪያው፣ በትንሽ መረብ ላይ ከጠቅላላ ፍጆታ በፊት የሚገደበው በአንድ ጊዜ የሚሳበው ኃይል ነው፤ ገደቡን የሚያስከብረውም የሰው ቁጣ ሳይሆን በየቤቱ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ነው። ሁለተኛው፣ ለማንም ያልደረሰው ትርፍ የሚሄድበት የጋራ ቦታ አስቀድሞ ይወሰን። ቀዝቃዛ አገር ከሆነ ሙቀት ነው፤ ሌላ ቦታ የጋራ የውሃ ማጠራቀሚያ የሚሞላ ፓምፕ ወይም የጋራ ማቀዝቀዣ ክፍል ሊሆን ይችላል። ውሃም ቅዝቃዜም እንደ ባትሪ ናቸው፤ እኩለ ቀን የተሞላው ታንከር ማታ ያገለግላል።

ከተጀመረ በኋላ

በየወሩ ሒሳቡ በታወቀ ቀን ይውጣ፤ ቅሬታ ያለው ሰው በ15 ቀን ውስጥ ያቅርብ፤ መልሱም ቁጥሩን ያሳይ። ቀመሩ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቀኑ ቀድሞ በታወቀ ጉባኤ ብቻ ይከለስ፤ በመካከል «አሁኑኑ ይቀየር» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መዝግባችሁ ለዚያ ቀን አቆዩት።

ቆጣሪ ንባብ መጉደሉ ደግሞ አይቀርም፤ መረጃ የሚልከው መሣሪያ ይበላሻል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ለጎደለው ሩብ ሰዓት ያለፈውን ሳምንት ተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ንባብ ተኩ፤ ሒሳቡ ላይ ግምት መሆኑን በኮከብ ምልክት አሳዩ፤ እውነተኛው ንባብ ሲገኝ በሚቀጥለው ወር አስተካክሉ። ግምቱ የተደረገበት ቤት ባለቤት ሒሳቡ ከመውጣቱ በፊት ይነገረው፤ ከወረቀቱ ላይ ሲያገኘውና ከሰው አንደበት ሲሰማው አንድ አይደለም።